ከአፕግሬድ በኋላ ኤክስቴንሽኖች ሲቆሙ፦ መጠበቅ፣ ማስገደድ፣ መተካት ወይስ ዴስክቶፑን መቀየር?

ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ 22.04 ቨርዥን ላይ ሁለት አመት ገደማ ተቀምጬ ስክሪኑን ለእጄ እንዲመች አድርጌ ካስተካከልኩት በኋላ ወደ 24.04 አፕግሬድ አደረኩና ሎግኢን ስል ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ከታች የነበረው ፓነል የለም፣ ሜኑው የለም፣ ኮፒ ያደረኳቸውን ነገሮች የሚያስቀምጥልኝ የለም፣ የኤክስቴንሽን (ዴስክቶፑ ላይ የምንጨምራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ዝርዝሩን ስከፍት ከ14ቱ 9ኙ ከዚህ ቨርዥን ጋር አይሰሩም ይላል። ያን ለሊት በንዴት የነካካኋቸው ነገሮች ሌላ ሁለት ቀን አስከፈሉኝ፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው፣ አፕግሬድ ልታደርጉ ያሰባችሁም ሆነ አድርጋችሁ ባዶ ስክሪን ፊት የተቀመጣችሁ የቱ መንገድ ለናንተ እንደሚሻል አይታችሁ እንድትመርጡ።

መንገዱ አራት ነው። ኤክስቴንሽኑ እስኪታደስ መጠበቅ፣ የቨርዥን ቼኩን አጥፍቶ በግድ ማስነሳት፣ በሌላ ኤክስቴንሽን ወይ ግኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ራሱ በጨመረው ነገር መተካት፣ ወይ ደሞ ግኖምን ትቶ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ፣ ወደ ሲናመን፣ ወደ ኬዲኢ ፕላዝማ ወይ ወደ ኤክስኤፍሲኢ መሄድ። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ሁለተኛው ወይ ወደ አራተኛው ይሮጣል፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ አሁን ሳየው ግን ለአብዛኛው ሰው መልሱ ያለው ሶስተኛው ላይ ነው።

ለምን እንደሚቆሙ

ይሄን ካልተረዳን ምርጫው ግምት ነው የሚሆነው። የግኖም ኤክስቴንሽን እንደ ብራውዘር ኤክስቴንሽን አይደለም። ብራውዘሩ ለኤክስቴንሽን ብሎ የለየው በር አለው፣ ከዛ በር ውጪ አያስገባም፣ ውስጡ ቢቀየርም በሩ ብዙም አይቀየርም። ግኖም ላይ ግን ኤክስቴንሽኑ በጃቫስክሪፕት ይጻፍና ግኖም ሼል (ዴስክቶፑን የሚያሳየን ዋናው ፕሮግራም) እራሱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሰራው፣ ፓነሉን፣ ዳሹን (የአፕ አይኮኖቹን መደርደሪያ)፣ ኦቨርቪውን (የተከፈቱት መስኮቶች አንድ ላይ የሚታዩበትን) የሚሰሩትን ኮዶች በቀጥታ እየያዘ ይቀይራቸዋል። በዚህ ምክንያት ነው ያን ያህል ሀይል ያለው፣ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች መለወጥ የሚችለውም በዚሁ ነው። የሚሰበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሼሉ ውስጥ አንድ ነገር ስሙ ወይ ቦታው ከተቀየረ ኤክስቴንሽኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። ግኖም ደሞ በፈረንጆቹ ማርች እና ሴፕቴምበር፣ በአመት ሁለቴ አዲስ ቨርዥን ያወጣል።

እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ውስጥ ሰሪው የትኞቹ የግኖም ቨርዥኖች ላይ እንደሚሰራ የጻፈበት ትንሽ ፋይል አለ። ሼሉ ሲነሳ እሱን ያያል፣ የራሱ ቁጥር እዛ ከሌለ አያስነሳውም። ብዙ ጊዜ ኮዱ ምንም አልሆነም፣ ቁጥሩ ስላልተጨመረ ብቻ ነው የሚቆመው። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው ግኖም 45 ላይ የሆነው ግን የተለየ ነው። ሼሉ የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን የሚጭንበት መንገድ ራሱ ተቀይሮ ኢኤስ ሞጁል ወደሚባለው ስታንዳርድ ሄደ፣ ስለዚ ለ44 እና ከዛ በታች የተጻፈ ኤክስቴንሽን በሙሉ፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ 45 ላይ ሳይታደስ አይነሳም፣ ለ45 የተጻፈውም ወደ ኋላ 44 ላይ አይሰራም። ኡቡንቱ 22.04 ግኖም 42 ነው፣ 24.04 ደሞ 46፣ ግንቡ፣ 45፣ መሀላቸው ላይ ነው ያለው። ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ የምትጠቀሙም ያው ናችሁ፣ 12 ላይ 43 ነው፣ 13 ላይ 48።

እኔ ያን ለሊት ይሄን ባውቅ ኖሮ ሁለቱን ቀን አላጠፋም ነበር።

አፕግሬድ ገና ካላደረጋችሁ

ኤክስቴንሽን ማኔጀር የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ ከአፕትም (የኡቡንቱ ፓኬጅ ማውረጃ)፣ ፍላትሃብ ከሚባለው የአፕ ሳይትም ይገኛል። ሜኑው ውስጥ አፕግሬድ አሲስታንት የሚል አለ፣ የምትሄዱበትን የግኖም ቨርዥን ስትመርጡለት ካሏችሁ ኤክስቴንሽኖች የትኞቹ እንደሚደግፉት አንድ በአንድ ያሳያችኋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ውሳኔውን ግን ግማሽ በግማሽ ያቀለዋል። ከዛ የኤክስቴንሽኖቻችሁን ሴቲንግ አስቀምጡ፣ ተርሚናል ላይ ዲኮንፍ ደምፕ በሚባለው ትዕዛዝ የግኖም ሼል ኤክስቴንሽኖችን ክፍል ወደ ቴክስት ፋይል ታወጡታላችሁ፣ በኋላ በዲኮንፍ ሎድ ትመልሱታላችሁ። የሲስተሙን ደሞ ታይምሺፍት በሚባለው የባክአፕ አፕ፣ የራሳችሁን ፋይል ግን ለብቻው ሌላ ዲስክ ላይ፣ ምክንያቱም ታይምሺፍት ሆም ፎልደራችሁን ካልነገራችሁት አይነካውም።

ሌላው ጊዜው ነው። ከኤልቲኤስ (ረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ቨርዥን) ወደ ኤልቲኤስ የምትሄዱ ከሆነ ኡቡንቱ ራሱ መልእክቱን የሚልክላችሁ የመጀመሪያው የነጥብ ቨርዥን ከወጣ በኋላ ነው፣ 24.04.1 የወጣው ኦገስት 2024 መጨረሻ ላይ ነበር። ይሄ ጥሩ መለኪያ ይሰጣችኋል፣ ግኖም 45 ከወጣ ያኔ አንድ አመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በዛ ሁሉ ጊዜ ያልታደሰ ኤክስቴንሽን ሰሪው ትቶታል ብላችሁ ብታስቡ ብዙም አትሳሳቱም። አብዛኞቹ በትርፍ ሰአታቸው በነጻ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው፣ ስራ ይቀይራሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ ሊኑክስ መጠቀም ያቆማሉ፣ ይሄ ቅሬታ የሚያስነሳ አይደለም፣ ግን አውቆ መምረጥ ያስፈልጋል።

መጠበቅ

መጠበቅ የሚያዋጣው ኤክስቴንሽኑ በህይወት ካለ ብቻ ነው። ገጹን ክፈቱና የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደሆነ እዩ፣ የኮዱን ማስቀመጫ ክፈቱና ለአዲሱ ቨርዥን የተጀመረ ስራ እንዳለ እዩ። ዳሽ ቱ ፓነል፣ ብለር ማይ ሼል፣ ጀስት ፐርፌክሽን፣ ካፌይን አይነቶቹ ብዙ ተጠቃሚ ስላላቸው ብዙ ሳይቆዩ ይታደሳሉ፣ እነዚህን መጠበቅ ይቻላል። አንዳንዴ እንደውም መጠበቅም አያስፈልግም፣ ከግኖም 3.36 ጀምሮ ሼሉ የኤክስቴንሽን አፕዴት ራሱ ፈልጎ ያወርድና በሚቀጥለው ሎግኢን ላይ ይተካዋል። ስለዚ አፕግሬድ ካደረጋችሁ በኋላ ኢንተርኔት አገናኝታችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ሎግአውት አድርጋችሁ ተመለሱ፣ ከኔ 9ኙ ሶስቱ በዚህ ብቻ ተመልሰዋል። እኔ ግን ያን ለሊት ዋይፋዩ ተቋርጦ ስለነበር አላየሁትም፣ ሁሉም የሞቱ መስሎኝ ነው ማጥፋት የጀመርኩት።

ማስገደድ

ሼሉ ቁጥሩን እንዳያይ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፣ ጂሴቲንግስ በሚባለው የተርሚናል ትዕዛዝ የኤክስቴንሽን ቨርዥን ማረጋገጫውን ታጠፉታላችሁ፣ ከዛ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ሼሉ ያስነሳዋል። ይሄ የሚሰራበት ቦታ አለ፣ ከ46 ወደ 47 አይነት አንድ እርምጃ ብቻ ሲሆን እና ኤክስቴንሽኑ ቀላል ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ ፓነሉ ላይ አንድ አይኮን የሚጨምር አይነት፣ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይነሳል። 45ን አቋርጣችሁ ከመጣችሁ ግን አትድከሙ፣ ያ የቁጥር ጉዳይ አይደለም፣ ኮዱ ራሱ አይነበብም፣ ኤረር ብቻ ነው የምታገኙት።

አደጋው ደሞ አለ። ዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አዲሱ መንገድ) ላይ ግኖም ሼል ዴስክቶፕ ብቻ አይደለም፣ መስኮቶቹን ሁሉ የያዘው እሱ ነው፣ ስለዚ አንድ ኤክስቴንሽን ሼሉን ከጣለው የተከፈተው አፕ ሁሉ አብሮ ይዘጋል፣ ሴቭ ያልተደረገ ጽሁፍ ካለ እሱም ሄደ። በድሮው መንገድ፣ ኤክስኦርግ ላይ፣ ኦልት ኤፍ2 ብለን አር ጽፈን ሼሉን ብቻ እናስነሳ ነበር፣ መስኮቶቹ ምንም አይሆኑም፣ ዌይላንድ ላይ ይሄ የለም። ኡቡንቱ 24.04 ሎግኢን ስክሪን ላይ ጥርስ ያላት ጎማ በምትመስለው ምልክት በኩል ኤክስኦርግን አሁንም ያስመርጣል፣ 25.10 ላይ ግን እሱም ቀርቷል።

እኔ በግድ ካስነሳኋቸው አንዱ ሎግኢን ካልኩ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ ነው ያስቀረኝ። ይሄ ከገጠማችሁ አትደንግጡ፣ ኮንትሮል ኦልት ኤፍ3 ተጫኑ፣ ጽሁፍ ብቻ የሆነ ስክሪን ይመጣል፣ በዩዘርኔምና ፓስወርዳችሁ ግቡና ሆም ውስጥ ከተደበቀው የሎካል ፎልደር ስር፣ ሼር ውስጥ፣ ግኖም ሼል ውስጥ ያለውን ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይሩት። ሼሉ ሲነሳ አያገኛቸውም፣ ዴስክቶፑ ንጹህ ሆኖ ይመጣል። ከዛ አንድ አንዱን እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ታገኙታላችሁ፣ አንድ በአንድ ነው፣ አራት አምስት አብሮ መመለስ ጊዜ ያተርፋል ብላችሁ አታስቡ፣ እኔ እንደዛ አድርጌ ነው ሁለተኛው ቀን የተጨመረው።

በአጭሩ ማስገደድ ለቀላል ኤክስቴንሽን፣ ለአንድ ቨርዥን ልዩነት፣ ለሙከራ ጥሩ ነው። የስራ ኮምፒውተር ላይ ግን አላደርገውም።

መተካት

ሶስተኛው መንገድ ላይ በጣም የገረመኝ ነገር፣ ከኤክስቴንሽኖቼ ውስጥ ስንቱ ጭራሽ እንደማያስፈልገኝ ነው። በ2020 እና 2021 የጫንናቸው ብዙ ነገሮች ግኖም ያኔ ያልነበረውን የሚሞሉ ነበሩ፣ ከዛ ወዲህ ግኖም ራሱ ሞልቷቸዋል። ድምጹ በስፒከር ይውጣ በኢርፎን ለመምረጥ ኤክስቴንሽን ነበረኝ፣ ከ43 ጀምሮ ከላይ በቀኝ በኩል ያለው ኩዊክ ሴቲንግ ላይ ድምጹ አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትነኩ ይመርጣል። የብሉቱዝ እቃዎችን ቶሎ ለማገናኘት ሌላ ነበረኝ፣ ከ44 ጀምሮ እሱም እዛው አለ። ስክሪን ለመቅዳት ሌላ ነበረኝ፣ 42 ላይ የስክሪንሾቱ መሳሪያ ቪድዮም መቅዳት ጀምሯል። መስኮቶችን በአራት ማእዘን ለመደርደር የነበረኝ ደሞ ኡቡንቱ ከ23.10 ጀምሮ ታይሊንግ አሲስታንትን አብሮ ስለሚያመጣ ሴቲንግስ ውስጥ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሚለው ጋር ገብቶ ማስተካከል ብቻ ነው። 48 ያላቸው ሰዎች የባትሪ ቻርጅን 80 በመቶ አካባቢ አቁሞ እድሜውን የሚያስረዝመውንም ያገኙታል፣ ላፕቶፑ ከደገፈው።

ስለዚ መጀመሪያ ጥያቄው ምን ልተካው ሳይሆን አሁንም ያስፈልገኛል ወይ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ አፕግሬድ ካደረኩ በኋላ አንድ ሳምንት ያለ ምንም ተጨማሪ ኤክስቴንሽን እሰራለሁ፣ እጄ ሄዶ ያጣውን ነገር ብቻ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ነው ያገኘሁት፣ ፓነሉ፣ የኮፒ ታሪኩ፣ ስልኬን የማገናኝበት፣ እና ቪድዮ ሳይ ስክሪኑ እንዳይጠፋ የሚያደርገው። ቆንጆ የነበሩት፣ ብለሩ፣ መስኮት ሲዘጋ የሚቃጠለው፣ አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም።

ፓነሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ከዊንዶውስ የመጣ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ሶስት ምርጫ አለ። አንዱ ኡቡንቱ ዶክ ነው፣ አብሮ የሚመጣው፣ ይሄ ዳሽ ቱ ዶክ ከሚባለው ኤክስቴንሽን የተቀዳ ነው፣ የኡቡንቱ ሰዎች ራሳቸው ስለሚይዙት አፕግሬድ ላይ አይጠፋም። ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ታች አውርዳችሁ፣ ፓነል ሞድ አብርታችሁ፣ አይኮኑን ካሳነሳችሁት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነገር ይሆናል፣ የዊንዶውስ ታስክባር ይመስላል ባልልም ለብዙ ሰው ይበቃል። አይኮኑን ስትጫኑ መስኮቱ እንዲቀንስም ማድረግ ይቻላል፣ ይሄኛው ሴቲንግስ ላይ የለም፣ በጂሴቲንግስ የክሊክ አክሽኑን ሚኒማይዝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ዳሽ ቱ ዶክ ራሱ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ላለ ሰው ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም፣ እንደ ፌዶራ ወይ ዴቢያን ያለ ሌላ ሊኑክስ ላይ ላለ ሰው ግን የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ሶስተኛው ዳሽ ቱ ፓነል ነው፣ የላይኛውን ባርና ዶኩን አንድ ያደርጋቸዋል፣ ሰአቱም ባትሪውም የተከፈቱት አፖችም አንድ መስመር ላይ፣ ትንሽ ስክሪን ላላቸው ላፕቶፖች ቦታ ስለሚያተርፍ እኔ እሱን ነው የምወደው። ግን ሼሉ ውስጥ በጣም ብዙ ቦታ ስለሚነካ አፕግሬድ ላይ መጀመሪያ የሚንገራገጨው አይነት ነው፣ ሰሪዎቹ ንቁ ስለሆኑ ነው እንጂ። ከኡቡንቱ ዶክ ጋር አንድ ላይ አታብሯቸው፣ አንዱን አጥፉ።

የኮፒ ታሪክ ላይ ክሊፕቦርድ ኢንዲኬተር አለ፣ ያው ፓስወርድ ኮፒ የምታደርጉ ከሆነ እሱንም ስለሚያስቀምጠው ሴቲንጉን እዩት። ስልክ ለማገናኘት ጂኤስኮኔክት ነው፣ የኬዲኢ ኮኔክት የግኖም ስሪት፣ ስልኩ ላይ የኬዲኢ ኮኔክትን አፕ ትጭናላችሁ፣ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ፎቶም ፋይልም ያለ ኬብል ያስተላልፋሉ፣ ዳታ አይበላም፣ ፓኬጅ ገዝቶ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከየት ይውረድ

ኤክስቴንሽን ሁለት ቦታ ይገኛል፣ በአፕት ወይ ከግኖም የኤክስቴንሽን ሳይት። በአፕት የሚመጣው ዲስትሮው (እንደ ኡቡንቱ ያለው ሊኑክስ) ከራሱ የሼል ቨርዥን ጋር አዛምዶ ያስቀመጠው ነው፣ ለሁሉም ዩዘር ነው የሚጫነው፣ አፕግሬድ ስታደርጉ አብሮ ያድጋል፣ ግን ብዛቱ ትንሽ ነው፣ አዲስ ፊቸርም ቶሎ አይደርሰውም። ከሳይቱ የሚወርደው ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አዲስ ነው፣ ሳይቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሰዎች ኮዱን ያዩታል፣ ራሱን ያድሳል፣ ግን አፕግሬዱ ስለሱ ምንም አያውቅም። ሁለቱም ጋ ያለ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ጂኤስኮኔክት፣ እኔ የአፕቱን እመርጣለሁ። አንድን ኤክስቴንሽን ከሁለቱም አትጫኑ፣ ሆም ውስጥ ያለው ነው የሚያሸንፈው፣ ከዛ የአፕቱ ታድሶ አሮጌው ለምን ይነሳል እያላችሁ ትደክማላችሁ።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች

ይሄን ለብቻው ያነሳሁት ብዙዎቻችን መርጠን ስንጨርስ ስለምናስታውሰው ነው። ግኖም ላይ አማርኛ የሚጻፈው አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ነው፣ ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ኢንፑት ሶርስ ጋ ትጨምሩታላችሁ፣ በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ ወደ ፊደላችን የሚቀይረውን ሴራ የሚባለውን ካላገኛችሁት የአይባስ ኤም17ኤን ፓኬጅ አልተጫነም ማለት ነው። ይሄ የሼሉ አካል እንጂ ኤክስቴንሽን ስላልሆነ አፕግሬድ ላይ አይቆምም፣ ግኖም ላይ ከምቆይባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። ግን አስተውሉ፣ የትኛው ቋንቋ ላይ እንዳላችሁ የምታሳየው ምልክት ላይኛው ባር ላይ ነች። ላይኛውን ባር የሚደብቅ ኤክስቴንሽን ከጫናችሁ ወይ ጀስት ፐርፌክሽን ላይ ካጠፋችሁት እሷም አብራ ትጠፋለች፣ ከዛ ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ ስትጽፉ አማርኛ ላይ ሆናችሁ ለምን እንደማይሰራ አይገባችሁም። ዳሽ ቱ ፓነል ባሩን ስለሚያወርደው እንጂ ስለማያጠፋው ምልክቷ ትታያለች፣ ስለዚ ለኛ እሱ ይሻላል።

ፕላዝማ ላይ ዌይላንድ ከሆናችሁ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ቨርቹዋል ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብታችሁ አይባስ ዌይላንድን መምረጥ አለባችሁ፣ ስሙ ኪቦርድ ስክሪን ላይ የሚያወጣ ስለሚመስል ብዙ ሰው አይነካውም። ሊኑክስ ሚንት ላይ ኢንፑት ሜተድ የሚል አፕ አለ፣ እዛ አይባስን መርጣችሁ ሎግአውት ማድረግ ነው።

ዴስክቶፑን መቀየር

ሳምንት ሞክራችሁ ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት ነገር ከሰባት ስምንት በላይ ከሆነ፣ ግኖም ለናንተ የተሰራ አይደለም ማለት ነው፣ በኤክስቴንሽን ሌላ ዴስክቶፕ ለማድረግ እየታገላችሁ ነው፣ በየአፕግሬዱ ያን ትግል ትደግሙታላችሁ። ያኔ መቀየሩ ተገቢ ነው።

ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ሲናመን በጣም ቅርብ ነው። እሱ ራሱ ከግኖም ሼል ተገንጥሎ ነው ለሊኑክስ ሚንት የተሰራው፣ ፓነል ከታች፣ ሜኑ በግራ፣ ያለ ምንም ኤክስቴንሽን። የራሱ ተጨማሪዎች አሉት፣ ስፓይስስ ይሏቸዋል፣ አፕሌት፣ ዴስክሌት፣ ኤክስቴንሽን እና ቲም ተብለው ይከፈላሉ፣ ሚንት ላይ አፕዴት ማኔጀሩ እነሱንም አብሮ ያሳያችኋል። ሚንት 22 የቆመው ኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው፣ ድጋፉም እስከ 2029 ነው። ዋናው ጥቅሙ ሲናመን እንደ ግኖም ውስጡን በየስድስት ወሩ ስለማይገለብጥ አፕሌቶቹ ረጅም ጊዜ ይኖራሉ። እና በነባሪው ኤክስኦርግ ላይ ስለሆነ አንድ አፕሌት ቢያንገላታችሁ ኮንትሮል ኦልት ኤስኬፕ ብላችሁ ሲናመንን ብቻ ታስነሱታላችሁ፣ የተከፈተው ስራ ምንም አይሆንም። የዌይላንዱ ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ሁለት ስክሪን በተለያየ ስኬል የሚጠቀም ሰው ይሄን ያስብበት።

ፕላዝማ ማስተካከል ለሚወድ ሰው ነው። ግኖም ላይ ኤክስቴንሽን የሚፈልገው ነገር፣ የኮፒ ታሪክ፣ ፓነሉን ማንቀሳቀስ፣ ስልክ ማገናኘት፣ መስኮት መደርደር፣ እዛ ሁሉም አብሮ አለ። ግን እዛም ግንብ አለ፣ ፕላዝማ 6 በፌብሩዋሪ 2024 ሲወጣ ለ5 የተሰሩ ዊጄቶች እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ኩቡንቱ (ፕላዝማ ያለው ኡቡንቱ) 24.04 ደሞ 5.27 ላይ ነው የቆየው፣ ስለዚ አሁን ብዙ ዊጄት ከሰበሰባችሁ በሚቀጥለው ኤልቲኤስ ያው ነገር ይጠብቃችኋል፣ የኩቡንቱ ድጋፍም እንደ ዋናው ኡቡንቱ 5 አመት ሳይሆን 3 አመት ነው። ከስቶሩ ስታወርዱም ጥንቃቄ፣ በማርች 2024 አንድ ግሎባል ቲም የአንድ ተጠቃሚን ፋይሎች አጥፍቷል፣ ግሎባል ቲም ከለር ብቻ ሳይሆን ኮድም ማስኬድ ስለሚችል ነው፣ ኬዲኢዎቹም ያኔ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። እዛ ላይ ከለሩንና አይኮኑን ለየብቻ ማውረድ ይሻላል።

ኤክስኤፍሲኢ ብዙ ማለት አያስፈልገውም። 4.18 በዲሴምበር 2022፣ 4.20 በዲሴምበር 2024፣ ሁለት አመት ነው መሀሉ። ዛሬ ያስተካከላችሁት ከአራት አመት በኋላ እዛው ነው። ዊስከር ሜኑ (የአፕ ሜኑው) እና ክሊፕማን (የኮፒ ታሪኩ) ካሉ አብዛኛው ነገር ሞላ፣ 4 ጂቢ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደሞ ከሁሉም እሱን ነው የምመክረው፣ በተለይ ለተማሪ።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ግን ሶስት ዴስክቶፕ አትደርድሩ። ይቻላል፣ ሎግኢን ላይ መርጦ መግባት ነው፣ ግን የሁሉም አፕ ተደራርቦ ሁለት የፋይል ማኔጀር፣ ሁለት ሴቲንግስ፣ የአንዱ ቲም በሌላው ላይ ይሆናል። መሞከር ከፈለጋችሁ በፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑት ጥቂት ቀን ስሩበት። ወይ ደሞ ለሙከራ አዲስ ዩዘር ፍጠሩ፣ አዲሱ ዩዘር ላይ ግኖም በደንብ ከሰራ ችግሩ ከአፕግሬዱ ሳይሆን ከድሮው ሴቲንጋችሁ ነው፣ ይሄን ማወቅ ብቻ ብዙ ሰው ፎርማት ከማድረግ ያድነዋል።

ለሰው ስመክር እንዲህ ነው የምለው። ቢሮ የሚሰራበት ላፕቶፕ ከሆነና አንድ ቀን እንኳን መቆም ከሌለበት፣ ኤልቲኤስ ላይ ሁኑ፣ አብረው የመጡትን ኤክስቴንሽኖች ተጠቀሙ፣ ከነሱ ሌላ ሶስት ብቻ። ለእናት ለአባት ወይ ለትንሽ ወንድም የምታዘጋጁት ከሆነ ሚንት። በየስድስት ወሩ አዲሱን ማየት የሚያስደስታችሁ ከሆነ ግኖምን ባዶውን መልመድ ነው ያለባችሁ፣ ኤክስቴንሽን ብዙ የሚወድ ሰው እና ፌዶራ አብረው አይቆዩም። ማስተካከሉ ራሱ ደስታችሁ ከሆነ ፕላዝማ።

እኔ 24.04 ላይ ነኝ፣ ዳሽ ቱ ፓነል፣ ክሊፕቦርድ ኢንዲኬተር፣ ጂኤስኮኔክት እና ካፌይን፣ አራት። የዲኮንፉ ፋይል ፍላሽ ላይ አለ፣ ወረቀቷም አልተጣለችም፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ስለምኖር የሚቀጥለውን አፕግሬድ ጠዋት ባትሪው 100 ሲሞላ ነው የምጀምረው።